በቤዝቦል «ግማሽ ጨዋታ» ምንድን ነው?

ዲትሮይት ታይገርስ እ.ኤ.አ. በ1908 የአሜሪካን ሊግን ዋንጫ ያገኘው ክሊቭላንድን «በግማሽ ጨዋታ» ቀድሞ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣው ከእርሱ በኋላ በሚከተለው ማብራሪያ ላይ ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለዚያ የውድድር ዘመን በአማርኛ ሲተርክ «አንዱ ጨዋታ በዝናብ መሃል ላይ ስለተቋረጠ ግማሹ ተቆጠረለት» ሲል ሰማሁ። ከእርሱ በፊትም ሌላ ሰው ግማሽ ጨዋታን በእግር ኳስ አቻ ከመውጣት ጋር አመሳስሎ አስረድቶ ነበር። ለብዙ ዓመታት የጨዋታ መዝገብ ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን በዝምታ ማለፍ ከበደኝ።

በቤዝቦል መዝገብ ውስጥ ግማሽ ሆኖ የሚቆጠር ጨዋታ ኖሮ አያውቅም። አንድ ጨዋታ አምስት ዙር (ዙር ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ክፍል ነው፤ ሙሉ ጨዋታ ዘጠኝ አለው) ከተጠናቀቀ በኋላ ዝናብ ቢያቋርጠው እንደ ሙሉ ጨዋታ ይመዘገባል፤ ከዚያ በፊት ከተቋረጠ ግን በዚያ ዘመን እንዳልተጀመረ ይቆጠር ነበር። (አስተናጋጁ ቡድን እየመራ ከሆነ አራት ዙር ተኩል እንደሚበቃ መጨመር ይኖርብኛል።) በ1908 በሜዳዎቹ ላይ መብራት ስላልነበረ ውጤቱ እኩል እንደሆነ የሚመሽበት ጊዜም ነበር። እንዲህ ያለው ጨዋታ ለማንም ነጥብ አይሰጥም ነበር፤ ከደረጃ ሰንጠረዡ ውጭ ሆኖ ቀን ከተገኘ እንደገና ከመጀመሪያው ይካሄድ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች በዚያ ጨዋታ ያስመዘገበው ግን በግል መዝገቡ ላይ ይቀመጥ ነበር። በአንዳንድ ዝርዝሮች አንድ ቡድን የተጫወታቸው ጨዋታዎች ቁጥር ከድሉና ከሽንፈቱ ድምር የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ግማሹ የምን ግማሽ ነው? «በአንድ ጨዋታ መቅደም» ሲባል ሁለት ነገሮች ተጣምረው የሚሰጡት ርቀት ነው፦ የመሪው አንድ ድልና የተከታዩ አንድ ሽንፈት። ገበሬ ጥማድ የሚለው ሁለት በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው የጥማድ ግማሽ አለው ብንል በሬው ለሁለት ተከፍሏል ማለታችን አይደለም። በሬው ሙሉ ሆኖ በረቱ ውስጥ ቆሟል፤ የጎደለው የሚጠመድበት ጓደኛው ነው። በሰንጠረዡም ላይ የመሪው ድል አንዱ በሬ፣ የተከታዩ ሽንፈት ሌላው በሬ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲገኝ ግማሽ ጨዋታ እንላለን፤ ያ አንዱ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር የተካሄደ፣ አሸናፊና ተሸናፊ ያለው ሙሉ ጨዋታ ነው። ስሌቱም ይኸው ነው፤ የድሎቻቸውን ልዩነትና የሽንፈቶቻቸውን ልዩነት ደምሮ ለሁለት ማካፈል።

ምሳሌውን ጥቂት ልግፋበት። ባለ አንድ በሬ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው እንደሚያርሱ ሁሉ፣ ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች እርስ በርስ ሲገናኙ ሁለቱም በሬዎች በአንድ ቀን ይገኛሉ፤ የአንዱ ድል የሌላው ሽንፈት ነውና። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1908 የክሊቭላንዱ ወርዋሪ አዲ ጆስ 27 የቺካጎ ዋይት ሶክስ መቺዎችን አንድ በአንድ መለሰ፤ አንዳቸውም አንደኛውን ቤዝ ሳይረግጡ ጨዋታው 1 ለ 0 ተጠናቀቀ። ተጋጣሚው ኤድ ዎልሽ በበኩሉ 15 መቺዎችን በሦስት ስትራይክ (ሦስት ጊዜ መምታት አቅቷቸው) አስወጥቶ ተሸነፈ። በእኔ እምነት በዚያ ዘመን ከተወረወሩት ሁሉ ይህን የሚያህል የሁለት ወርዋሪዎች ፍልሚያ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም በሰንጠረዡ ላይ ያመጣው ለውጥ ከሌላው የተለየ አልነበረም፤ ክሊቭላንድ በቺካጎ ላይ አንድ ሙሉ ጨዋታ አተረፈ፣ በዚያ ሜዳ ባልነበረው በዲትሮይት ላይ ግን ያ ድል ብቻውን ያስገኘለት ግማሽ ነው።

አሁን የዘመኑን መጨረሻ እንመልከት። ዲትሮይት 90 አሸንፎ 63 ተሸነፈ፣ ክሊቭላንድ 90 አሸንፎ 64 ተሸነፈ፣ ቺካጎ 88 አሸንፎ 64 ተሸነፈ። ዲትሮይትና ክሊቭላንድ በድል እኩል ናቸው፤ ልዩነታቸው ክሊቭላንድ ተጨማሪ የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ነው። በሊጉ ስምንት ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ከሰባቱ ጋር 22 ጊዜ እየተገናኘ 154 ጨዋታ እንዲያደርግ መርሐ ግብር ወጥቶለታል። ዲትሮይት በዝናብ የቀረበትን አንድ ጨዋታ ሳይተካ 153 ላይ ቆመ። ስለዚህ አስተያየት ሰጪው ዝናብን ማንሳቱ መሠረት አለው። የተሳሳተው ጨዋታው በከፊል የተቆጠረ ስለመሰለው ነው፤ ያ ጨዋታ በድል ዓምድም በሽንፈት ዓምድም የለም። ግማሹን የፈጠረው ክሊቭላንድ ተጫውቶ የተሸነፈው ሙሉ ጨዋታ በዲትሮይት በኩል አቻ ማጣቱ ነው።

መዝገብ መያዝ የሚማሩ ልጆች ሲያጋጥሙኝ የማስጽፋቸው የጥቅምት 6ን ጠዋት ነው። ከአንዱ መስመር ላይ ዲትሮይት 89 እና 63፣ ከሥሩ ቺካጎ 88 እና 63። በድል የአንድ ልዩነት አለ፣ በሽንፈት የለም፤ ልዩነቱ ግማሽ ጨዋታ ነው። በዋዜማው ቺካጎ 6 ለ 1 አሸንፎ ነበር፤ ዎልሽም በዚያ የውድድር ዘመን 40ኛ ድሉን ያገኘው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ሁለቱ ቡድኖች ለመጨረሻ ጊዜ ሲገናኙ በዲትሮይቱ ወርዋሪ በቢል ዶኖቫን ላይ አንድም ነጥብ ሳይቆጠር ቡድኑ 7 ለ 0 አሸነፈ። ልጆቹ 89ን በላጲስ አጥፍተው 90፣ በታች ካለው መስመር 63ን አጥፍተው 64 ይጽፋሉ። አንድ ጨዋታ ብቻ ተካሂዶ ግማሹ አንድ ተኩል ሲሆንባቸው እርሳሱን አስቀምጠው ቀና ይላሉ። ነገሩ የሚገባቸው በዚያች ሰዓት ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሻምፒዮኑን የሚወስነው ይህ የጨዋታ ልዩነት ይመስለዋል፤ ደረጃውን የሚወስነው ግን የማሸነፍ ምጣኔ፣ ማለትም ድል ለድልና ሽንፈት ድምር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በዚያው በጥቅምት 6 ቺካጎ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ 89 ድልና 63 ሽንፈት ይኖረው ነበር። ይህን ከክሊቭላንድ 90 እና 64 ጋር አስተያዩት፦ በድል ክሊቭላንድ በአንድ ይበልጣል፣ በሽንፈትም በአንድ ይበልጣል፣ ልዩነታቸው ዜሮ ጨዋታ ይሆናል። ምጣኔው ግን ለቺካጎ 0.5855፣ ለክሊቭላንድ 0.5844 ስለሚሆን፣ በድል ከክሊቭላንድ የሚያንሰው ቺካጎ ያለ ምንም ተጨማሪ ጨዋታ ሻምፒዮን ይሆን ነበር። የጨዋታ ልዩነት ርቀቱን ለአንባቢ በቀላሉ የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ የመዳኘት ሥልጣን የለውም።

ከአንድ ዓመት በፊትም ዲትሮይት በዚህ ዓይነት ሰንጠረዥ አሸንፏል። በ1907 እርሱ 92 ድልና 58 ሽንፈት፣ ፊላደልፊያ አትሌቲክስ 88 ድልና 57 ሽንፈት ነበራቸው። ፊላደልፊያ በሽንፈት ያንሳል፤ ይህም ከአራቱ የድል ልዩነት አንዱን ይቀንስና ሦስት ይቀራል፣ ለሁለት ሲካፈል አንድ ተኩል። የበሬው ምሳሌ እዚህ ላይ እንደሚደክም አምናለሁ፤ ከበረት የሚቀነስ በሬ ማሰብ ያስቸግራል። በዚያ ዓመት መስከረም 30 ቀን ሁለቱ ቡድኖች ፊላደልፊያ ላይ 17 ዙር ተጫውተው 9 ለ 9 እንደሆኑ መሽቶባቸው ነበር፤ ጨዋታውም ሳይደገም ቀረ። ያ ቀን ቢደገም ኖሮ ለአንዱ ወገን ሁለቱንም በሬ በአንድ ጊዜ የሚያስገኝ ነበር። አቻ መውጣት ማለት ግማሽ ጨዋታ ነው ለሚለው ሰው የማቀርብለት ማስረጃ ይህ ነው፤ 17ቱ ዙር በደረጃው ላይ ሩብ እንኳ አልጨመረም።

በ1908 የሆነው ክሊቭላንዶችን በጣም አስቆጭቷል፤ ቁጭታቸውም ተገቢ ይመስለኛል፤ ተፎካካሪያቸው ያልተጫወተው ጨዋታ ከእነርሱ ሽንፈት ይልቅ ጠቅሞታልና። ከዚያ በኋላ ሊጉ ዋንጫውን ሊወስን የሚችል በዝናብ የቀረ ጨዋታ ግድ እንዲካሄድ ደንብ አወጣ። ደንቡ አስቀድሞ ቢኖር ዲትሮይት 154ኛውን ይጫወት ነበር። ቢያሸንፍ 91 እና 63 ሆኖ በአንድ ሙሉ ጨዋታ ይቀድማል፤ ቢሸነፍ 90 እና 64 ሆኖ ከክሊቭላንድ ጋር ፍጹም እኩል ይሆናል። ሁለቱም መልሶች ሙሉ ቁጥር ናቸው፤ የሁለት ቡድኖች የድልና የሽንፈት ድምር እኩል ከሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግማሽ ሊኖረው አይችልም። ግማሹ የሚታየው የተቆጠሩላቸው ጨዋታዎች በጎዶሎ ቁጥር ሲለያዩ ብቻ ነው፦ በ1907 በ150 እና በ145 መካከል፣ በ1908 ደግሞ በ153 እና በ154 መካከል።