በጅማ የሕንፃ ንድፍና የሬዲዮ ሥራ የቆመባቸው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች

በጅማ ለአንድ ሙያ ብቻ የሚሠሩ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ምርት ጎልቶ የሚታየው በሕንፃ ንድፍና በኤፍ ኤም ሬዲዮ ነው። ምርቶቹ የተሠሩት ለሌላ አገር ደንብና የአየር ጠባይ ስለሆነ፣ ጅማ ላይ በትክክል እንዲሠሩ መነሻ ቅንብራቸው በባለሙያ እጅ መስተካከል አለበት። ይህን ሥራ በብቃት የሚወጡ ወጣቶችን በማፍራት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በተለይ የቂጦ ፉርዲሳ ግቢው፣ ትልቅ ባለውለታ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የፕላን መሳያ ሶፍትዌሩን አውቶካድን የሚያወጣው አውቶዴስክ በ1982 በካሊፎርኒያ ተመሠረተ፤ ሕንፃን በሦስት አውታር ሞዴል የሚነድፈውን ሬቪትን የገዛው በ2002 ነው። የሬቪት ተፎካካሪ የሆነው አርኪካድ የሃንጋሪው ግራፊሶፍት ሥራ ነው፤ ኩባንያው በ2007 በጀርመኑ ኔሜቼክ እጅ ገባ። ሕንፃን በሦስት አውታር ሞዴል መንደፍን ለግል ኮምፒውተር ያበቃ የመጀመሪያው አርኪካድ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ለስትራክቸር (ሕንፃውን ለሚሸከመው አካል) ስሌት የሚውሉት ኢታብስና ሳፕ 2000 ደግሞ በ1975 የተቋቋመው የአሜሪካው ሲ ኤስ አይ ምርቶች ናቸው።

ኢታብስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የኮንክሪት ጥንካሬ ሲያስገቡ ነው። በ1995ቱ የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ሲ-25 ሲባል ቁጥሩ የኪዩብ፣ ማለትም በኩብ ቅርጽ ናሙና የተለካ ጥንካሬ ነው። ሶፍትዌሩ የሚጠይቀው ግን በሲሊንደር ቅርጽ ናሙና የተለካ ጥንካሬ ስለሆነ መግባት ያለበት 20 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ነው። 25 ተብሎ ከገባ የኮንክሪቱ አቅም በ25 በመቶ ተጋንኖ ይሰላል፤ ኮለኑ (ምሰሶው) ወረቀት ላይ ያልፋል፣ ሳይት ላይ ግን ያንን አቅም አያገኝም። የ2015ቱ ኮድ ይህንኑ ኮንክሪት ሲ20/25 ብሎ ሁለቱንም ቁጥር ስለሚጽፍ ውዥንብሩን በጣም ቀንሶታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌቱም በሶፍትዌሩ መነሻ ቁጥር መታለፍ የለበትም፤ የመሬት ፍጥንጥነቱ ከኢትዮጵያው ኮድ ተነቦ በእጅ መግባት አለበት።

ሌላው ችግር የቦታ መለኪያ ነው። ጅማ ቦታን በሜትር በሚለካው የዩ ቲ ኤም ሥርዓት ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ስትሆን፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የሚቆጠረው ልኬቷ 848,000 ሜትር ገደማ ነው። ሬቪት ደግሞ ከመነሻ ነጥቡ ብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ ሥዕል ሲገባበት ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ መስመሮችም መዛነፍ ይጀምራሉ። መፍትሔው ሕንፃውን መነሻ ነጥቡ አጠገብ ነድፎ፣ የሰርቬዩን (የመሬት ቅየሳውን) ልኬት በጋራ ኮኦርዲኔት (የቦታ መለያ ቁጥር) ማያያዝ ነው። በአዲንዳን፣ ማለትም በቀድሞው የካርታ መነሻ ሥርዓት የተለካ ካርታ በደብሊው ጂ ኤስ 84፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሥርዓት ከሚያነብ ጂ ፒ ኤስ ጋር ሳይቀየር ከተደረበ ደግሞ ቦታው ወደ 200 ሜትር ይሸሻል። ይሄ የጎረቤት ይዞታ ውስጥ የሚያስገባ ርቀት ነው።

በአውቶካድ ፕላን ላይ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ፣ ጽሑፉ የተቀመጠው የግዕዝ ፊደል በሌለው ኤስ ኤች ኤክስ በተባለው የአውቶካድ የራሱ ፎንት ነው። የጽሑፍ ስታይሉን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ወደተባሉት የግዕዝ ፎንቶች መቀየር ይበቃል። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፕላን ግን ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደል አሰያየም) ስላልሆነ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ ይኖርበታል።

ሬዲዮን በተመለከተ፣ በከተማዋ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮና የፋና ኤፍ ኤም ጣቢያ አሉ። በዓለም ገበያ ከሚታወቁት የኤፍ ኤም ትራንስሚተር ሠሪዎች የካናዳው ናውቴልና የጣሊያኑ አር ቪ አር ይጠቀሳሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ትራንስሚተር ፕሪኤምፋሲሱ (ከማሰራጨት በፊት ቀጫጭን ድምፆችን የሚያጎላው ቅንብር) 75 ማይክሮሰከንድ ላይ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ የሚሠራው 50 ነው። ካልተቀየረ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፅ ጆሮ እስኪወጋ ያፏጫል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል፤ የማቀዝቀዣ ፋኑም በዚያው ልክ ይደክማል። ስለዚህ የአየር ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ መጽዳት አለበት።

በክረምት የሚያስቸግረው አንቴናው ሥር ባለው ኮኔክተር የሚገባው ውኃ ነው። ከአንቴናው ወደ ትራንስሚተሩ የሚመለሰው ኃይል ይጨምርና ትራንስሚተሩ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ሥርጭቱም ገጠር ድረስ መድረሱ ይቀራል። ኮኔክተሩ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ የላይኛው ዙር የታችኛውን ሲደርብ ዝናቡ ስፌቱን ሳያገኝ ወደ ውጭ ይፈስሳል።