ስለ ቼሪ ዝንብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የበሰለ ቼሪ ሲከፈል በዘሩ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ የላላ ሥጋ፣ በመካከሉም የሚላወስ ነጭ ትል ማግኘት በአውሮፓ ጓሯቸው ውስጥ ቼሪ ለሚያለሙ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ትሉ የአውሮፓ ቼሪ ዝንብ እጭ ነው። ስለዚህች ዝንብ ከሚነገሩት ነገሮች ግን በርካታዎቹ የተሳሳቱ ናቸው።

«ትሉ የሚመጣው ፍሬው ከመጠን በላይ ሲበስል ነው።» ብዙ ምርት የሚያሳጣው ይህ አመለካከት ነው። ዝንቧ እንቁላሏን ከቆዳው ሥር የምታስገባው ፍሬው ገና ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ነው። በአንድ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ትጥልና፣ የእንቁላል መጣያዋን በቆዳው ላይ እየጎተተች ሌሎች እንስቶችን የሚያርቅ ጠረን ትታበት ትሄዳለች። እጩ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ውስጥ ለውስጥ ስለሚበላ፣ ትሉን ካየ በኋላ መድኃኒት ለመርጨት የሚነሳ ሰው ዘግይቷል። ፍሬው ውስጥ ዘልቆ እጩን ይገድል የነበረውን ዳይሜቶኤት የተባለውን ፀረ-ተባይ መድኃኒትም ፈረንሳይ በ2016 እ.ኤ.አ. ከቼሪ ላይ አግዳዋለች። ቢጫ ማጣበቂያ ወጥመድ የሚሰቀለው ከሁሉ በፊት ዝንቧ መምጣቷን በጊዜ ለማወቅ ነው፤ ቀድመው የሚበስሉ የቼሪ ዝርያዎች ደግሞ ዝንቧ ሳትበዛ ስለሚለቀሙ ብዙ ጊዜ ያመልጧታል።

«ሙዝ ላይ የምታንዣብበው ትንሿ ዝንብ ናት።» አይደለችም፤ ያቺ የምትወደው የቦካ ፍራፍሬ ነው። የቼሪ ዝንብ እስከ 5 ሚሊሜትር የምትደርስ፣ ጥቁር ገላዋ ላይ ቢጫ ምልክት፣ ክንፎቿም ላይ ጥቁር ሰንበር ያላት ናት። ቤተሰቧ በአገራችን ማንጎን ከሚያበላሹት የፍራፍሬ ዝንቦች ጋር አንድ ነው።

«ብርድና በረዶ ይፈጃታል።» እንዲያውም ብርዱ የእድገቷ አካል ነው። የጠገበው እጭ ፍሬውን በስቶ ወጥቶ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ አፈሩ ገብቶም የስንዴ ቅንጣት በሚመስል ሽፋን ውስጥ ይከርማል። አንዳንዱ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይወጣ ይቆያል። ስለዚህ ዝንቦቹ ከመውጣታቸው በፊት ከዛፉ ሥር ያለውን አፈር በደቃቅ መረብ መሸፈን፣ በመከር ጊዜም አንድም ፍሬ ዛፍ ላይ ወይም መሬት ላይ አለመተው እጅግ ይጠቅማል።

«ትሉን የበላ ይታመማል።» ሰውን አይጎዳም። የሚጠራጠር ሰው የለቀመውን ቼሪ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዝፈው ትሎቹ አየር ፍለጋ ከፍሬው ይወጣሉ።