ኒዮን መብራት ብቻውን ሳይበርፐንክ አያደርግም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ፒያሳም ሆነ ሸዋ በር አንዱ ጌም ቤት ገብታችሁ "ጀመዓ፣ ሳይበርፐንክ ጌም ጠቁሙኝ" ብትሉ መልሱ አንድ ነው፦ ሳይበርፐንክ 2077፣ በአጭሩ 2077 የሚሉት ጌም። ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። አንዱ "ኒዮን ካለው በቃ ነው" ይላል። ሌላው "ሮቦት ከሌለው አይቆጠርም" ይላል። ሦስተኛው "ለእኛ ላፕቶፕ የሚሆን የለም፣ ተዉት" ብሎ ወደ ፊፋው ይመለሳል። ሳይበርፐንክ ማሽኑ የረቀቀበትን፣ ሰው ግን በኩባንያዎች እጅ የወደቀበትን ዓለም የሚያሳይ የታሪክ ዘርፍ ነው። እኔ በጣም ነው የምወደው፣ እንዲህ ተቆራርጦ ሲነገር ዝም ማለት አልችልም። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"ኒዮን፣ ዝናብና ረጅም ፎቅ ካለ ሳይበርፐንክ ነው"

አይደለም። እሱ መልኩ ነው። ዋናው ጥያቄ ቴክኖሎጂው የማን ነው የሚለው ነው። በሳይበርፐንክ ዓለም ማሽኑ ተራቅቋል፣ የሰው ኑሮ ግን ከነበረበት ፈቅ አላለም። ክንዳችሁ፣ ዓይናችሁ፣ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለው ቺፕ ሳይቀር የሆነ ኩባንያ ንብረት ነው፣ እናንተ በገዛ ሰውነታችሁ ላይ ተከራይ ናችሁ።

በ2022 የወጣውን ሲቲዝን ስሊፐር የሚባል ጌም እዩት። ዝናብ የለም፣ ጎዳናም የለም፣ ታሪኩ የሚካሄደው ሕዋ ላይ ባለ ያረጀ ጣቢያ ውስጥ ነው። የምትጫወቱት ኤሰን አርፕ ከሚባል ኩባንያ ያመለጠ ሠራተኛ ሆናችሁ ነው። አካሉ ሰው ሠራሽ ነው፣ የኩባንያው ንብረት፤ እንዳያመልጥ ተብሎ ደግሞ ልዩ መድኃኒት ካላገኘ እንዲፈራርስ ሆኖ ነው የተሠራው። ቀኑ ሲጀምር ዳይስ ይሰጣችኋል። ሰውነታችሁ ደህና ከሆነ አምስት፣ ሲጎዳ አራት፣ ሲብስበት ሦስት። አንድ ዳይስ ማለት አንድ ሥራ ነው። ዳይሱ ሲያንስ ሥራው ያንሳል፣ ሥራው ሲያንስ የመድኃኒቱ ገንዘብ ይጠፋል፣ መድኃኒቱ ሲጠፋ ደግሞ ነገ ዳይሱ ይቀንሳል። ጠዋት አደባባይ ላይ ቆሞ ሥራ የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ አንድ ሳምንት ቢታመም ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ ሰው ይሄ ስሌት ወዲያው ይገባዋል። ለእኔ ካየኋቸው ሁሉ ንጹሕ ሳይበርፐንክ ይሄ ነው፣ አንዲት ኒዮን መብራት ሳያስፈልገው።

በተቃራኒው ስትሬይ አለ፣ ድመት ሆናችሁ የምትጫወቱት። የሮቦቶች ከተማ፣ ቀይ መብራት፣ ጠባብ ጎዳና፣ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። ቆንጆ ጌም ነው፣ ተጫወቱት። ግን አብዛኛው ክፍል ሰዎች ካለቁ በኋላ የቀሩ ሮቦቶች የሐዘን ታሪክ ነው። እውነተኛው ሳይበርፐንክ የሚገባው መጨረሻ አካባቢ ሚድታውን ስትደርሱ ነው፣ ፋብሪካው፣ ጠባቂ ሮቦቶቹና እስር ቤቱ ሲመጡ። የዘርፉን ትርጉም ከዚህ በላይ ካሰፋነው ጨለማ ያለበት ጌም ሁሉ ሊገባ ነው።

"የጀመረው በ2077 ነው"

2077 ራሱ የመጣው ማይክ ፖንድስሚዝ በ1988 ካወጣው ጠረጴዛ ላይ በወረቀትና በዳይስ ከሚጫወቱት ጌም ነው። በዚያው ዓመት ጌም ሠሪው ሂዴዮ ኮጂማ ጃፓን ውስጥ ስናቸር የሚባለውን ጌም ሠርቷል። በ1994 ሲስተም ሾክ መጣ፣ በ2000 ዲየስ ኤክስ። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ 2077ን ያወጣው ታኅሣሥ 2020 ነው፣ ያውም መንገዱ ከተጠረገ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ።

"2077 የተበላሸ ጌም ነው፣ አትድከሙ"

ሲወጣ እውነት ነበር። ከፕሌይስቴሽን የኦንላይን መደብር ሳይቀር ተነስቶ የተመለሰው በሰኔ 2021 ነው። በመስከረም 2023 የመጣው 2.0 የሚባለው እድሳት ግን ጌሙን ከሥሩ ቀይሮታል፣ ዛሬ ያለ ምንም ማንገራገር እጠቁመዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ይሄ እድሳት ለፒኤስ ፎር አልተሰጠም። እኛ ጋ ብዙ ጌም ቤት ያለው ፒኤስ ፎር ነው፤ እዚያ ጀምራችሁ "ይሄ ነው እንዴ?" ብትሉ አልፈርድባችሁም። ፒኤስ ፋይቭ ወይም ጠንካራ ኮምፒውተር እስክታገኙ ቆዩት።

"ዋናው ነገር ተኩስ ነው"

2077 መጀመሪያ ላይ አንዲት የታፈነች ሴት ለማዳን ትገባላችሁ። ተኩሳችሁ፣ በረዶ የሞላበት ገንዳ ውስጥ ራቁቷን ተኝታ ታገኟታላችሁ፣ ተሸክማችሁ ወደ በረንዳው ታወጧታላችሁ። ያኔ የሚበር አምቡላንስ ይመጣል። ከውስጡ የሚወርዱት የሕክምና ሠራተኞች መሣሪያ ደቅነው ያራቋችኋል። የሚመጡት ለእሷ ነው፣ ውድ የሆነውን የደንበኝነት ክፍያ ስለምትከፍል። የማይከፍል ሰው እዚያው አጠገቧ ደሙ ቢፈስ ጉዳያቸው አይደለም። ጌሙ ስለ ዘርፉ የሚናገረው ትልቁ ነገር እዚህች ትዕይንት ውስጥ አለ፣ ከተኩሱ በፊት ሳይሆን ተኩሱ ሲያበቃ።

ጭራሽ ተኩስ የሌለበትም አለ። ቫልሃላ የሚባለው ጌም ላይ ጂል የምትባል የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ናችሁ። መጠጥ ትቀላቅላላችሁ፣ ደንበኛ ታዳምጣላችሁ፣ የቤት ኪራይ ትከፍላላችሁ። ከተማው ውስጥ የሚሆነውን ግፍ ሁሉ የምትሰሙት ከደንበኞቹ አፍ ነው። ዓለምን የሚያድን ጀግና የለም።

"ዘንዶና አስማት ካለበት አይቆጠርም"

ይሄኛው ክርክር የምር ክርክር ነው። ሻዶውራን በሚባሉት ጌሞች ላይ ጠንቋይም፣ ኤልፍም፣ ዘንዶም አለ። ግን በዚያ ዓለም ትልቁን ኩባንያ የያዘው ማን ነው? ሎፍዊር የሚባል ዘንዶ። ወርቁ ላይ ተኝቶ የሚኖረው አውሬ የኩባንያ ባለቤት ሆነ፣ እናንተ ደግሞ ለኩባንያዎች ቆሻሻ ሥራ የምትሠሩ ቅጥረኞች ናችሁ። የሥልጣኑ አደረጃጀት ሳይበርፐንክ ከሆነ ዘንዶው አያስወጣውም ባይ ነኝ። ከሻዶውራን ጌሞች አንዱ፣ በ2014 የወጣው ድራጎንፎል፣ በርሊን ውስጥ ነው የሚካሄደው፣ እሱን አስቀድሙ።

"የፈረንጅ ቅዠት ነው፣ እኛን አይመለከትም"

ቫልሃላን የሠሩት ቬንዙዌላውያን ናቸው። ኑሮ ሲወደድ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቁታል። ወሎ ውስጥ ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ያሳለፈ ወጣትም ማብሪያ ማጥፊያው በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም አይማርም። ደግሞ ፒያሳ ያሉትን የስልክ ጠጋኞች እዩ። ልጁ ከሞተ ስልክ ላይ አንዲት ቺፕ በሙቅ አየር ያነሳል፣ በማጉያ እያየ ሌላኛው ላይ ይተክላል፣ ፋብሪካው "ጣሉት" ያለው ዕቃ ተነስቶ ይደውላል። ይሄ ሰው በየትኛውም ሳይበርፐንክ ጌም ውስጥ ቦታ አለው።

"ደካማ ላፕቶፕ ይዞ አይታሰብም"

ይሄ በጣም ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ምርጦቹ ቀላሎቹ ናቸው። ቫልሃላ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ የ1994 ጌም ሆኖ ከ2003 ጀምሮ በነጻ ነው የሚሰጠው፣ ስከም ቪኤም በሚባለው አፕ ስልክ ላይም ይጫወቱታል። ከተማው ተገልብጦ የተሠራ ነው፦ ሀብታሙ ታች መሬት ላይ፣ ሠራተኛው ደግሞ ከላይ፣ ፋብሪካው መሀል። አፕሊንክ ደግሞ የ2001 ነው። ያለው አንድ የኮምፒውተር ስክሪን ብቻ ነው፣ እናንተ ሰብራችሁ ትገባላችሁ፣ ዱካችሁን እየተከተሉ ሲቀርቡ የሚጮኸው ድምፅ እየፈጠነ ይሄዳል። መግባታችሁን የሚያሳየውን መዝገብ ሳታጠፉ ከወጣችሁ፣ ቆይተው ይደርሱባችኋል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ዲየስ ኤክስ ነው፣ የ2000ው። ምስሉ አርጅቷል፣ የመጀመሪያው ሰዓት ይከብዳል። የሚጀምረው የነጻነት ሐውልት ያለበት ደሴት ላይ ነው፣ ብዙ ሰው በዋናው በር ተኩሶ ሊገባ ይሞክርና ሞቶ ይተወዋል። እናንተ በጀርባ ዙሩ፣ ተደራርበው የተቀመጡ ሣጥኖች አሉ፣ በነሱ ላይ ወጥታችሁ ማንንም ሳትነኩ ላይ መድረስ ትችላላችሁ።