የክራዮቫ ዋንጫዎች የማን ናቸው?

በደቡብ ምዕራብ ሩማኒያ በምትገኘው ክራዮቫ ሁለት የእግር ኳስ ክለቦች፣ ሲ ኤስ ዩኒቨርሲታቴያ እና ኤፍ ሲ ዩ ክራዮቫ 1948፣ የአንድን ቡድን ታሪክ የራሳችን ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ነገሩ ግር የሚለው የመጫወት ፈቃድና የዋንጫ ታሪክ ባለቤትነት አንድ ስለሚመስሉ ነው። ፈቃዱን የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በአባልነት ይሰጣል፣ ሊነጥቅም ይችላል፤ ስምና ያለፈ ክብር ግን እንደ ንብረት ፍርድ ቤት ድረስ የሚያካስስ የተለየ ጉዳይ ነው።

በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ቡድን በ1974፣ በ1980፣ በ1981 እና በ1991 የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1983 በአውሮፓ ክለቦች ውድድር በዩኤፋ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ የፖርቱጋሉን ቤንፊካ ገጥሞ 0 ለ 0 እና 1 ለ 1 ከተለያየ በኋላ፣ ሳይሸነፍ፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ግብ ሕግ ብቻ (ድምር ውጤቱ እኩል ሲሆን በተጋጣሚው ሜዳ ብዙ ግብ ያስቆጠረው ያልፍ ነበር) ወደቀ።

ከ1991 ድል በኋላ የእግር ኳስ ክፍሉ ከነበረበት የስፖርት ክለብ ተለይቶ በግል ክለብነት ቀጠለ፤ ይህንን ክለብ ፌዴሬሽኑ በ2011 ከአባልነት ሰረዘው። በ2013 ወደ ሜዳ የተመለሰው ሲ ኤስ፣ የግሉ ክለብ አዲስ ድርጅት እንጂ የቀድሞው ወራሽ እንዳልነበረ ይሞግታል፤ ተቃራኒው ወገን፣ ኤፍ ሲ ዩ፣ ደግሞ የተለወጠው የባለቤትነት ቅርጽ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ብዙ ጩኸት የሚሰማው በ2011ዱ ስረዛ ላይ ቢሆንም፣ በእኔ እይታ የክርክሩ ቋጠሮ ያለው በ1991ዱ መለያየት ላይ ነው።