ታይፕ ሬቲንግ ምንድን ነው? በቤት ሲሙሌተር ለሚያበሩስ ምን ይጠቅማል?

ታይፕ ሬቲንግ ማለት አንድ አብራሪ በያዘው የበረራ ፈቃድ ላይ፣ አንድን የተወሰነ የአውሮፕላን ዓይነት እንዲያበር የሚጨመርለት ፈቃድ ነው። የንግድ በረራ ፈቃድ ያለው ሁሉ ተነስቶ ቦይንግ 737 ላይ አይቀመጥም። በአሜሪካ ደንብ መሠረት፣ ሲነሳ የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ከ12,500 ፓውንድ (5,670 ኪሎ ግራም ገደማ) የሚበልጥ አውሮፕላንና ማንኛውም ተርቦጄት (በጄት ሞተር የሚበር) ታይፕ ሬቲንግ ይጠይቃል። አብራሪው የዚያን አውሮፕላን የኤሌክትሪክ፣ የሃይድሮሊክና የነዳጅ ሥርዓት ይማራል፤ ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያሳይ መሣሪያ) ውስጥ ገብቶ ሞተር ሲጠፋበትና እሳት ሲነሳበት የሚያደርገውን ይለማመዳል፤ ከዚያ ይፈተናል። ሴስና 172ን ለመሰሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የሚያበርን ሰው ግን ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመጀመሪያው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር አንድ ሴስና 182 ብቻ ነበረው። የ2020ው በመደበኛው እትሙ እንኳ 20 አውሮፕላኖች ይዞ መጣ፤ ለብቻቸው የሚገዙትና በነፃ የሚወርዱት ሲጨመሩ ቁጥሩ ማለቂያ የለውም። ምርጫው በበዛ ቁጥር ጥያቄውም አብሮ ይመጣል፦ አንዱን ጠንቅቆ ማወቅ ነው የሚሻለው ወይስ ብዙዎቹን ማብረር? መልሱን ታይፕ ሬቲንግ ካስፈለገበት ምክንያት ውስጥ እናገኘዋለን ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ የእጅ ልማድ ነው። 737ን እና ኤርባስ ኤ320ን እንውሰድ። ሁለቱም መንታ ሞተር ናቸው፤ የሚጭኑት መንገደኛም ተቀራራቢ ነው። ኮክፒት (የአብራሪዎቹ ክፍል) ውስጥ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። በ737 የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚያስተካክለው አውቶስሮትል ኃይል ሲጨምርና ሲቀንስ ስሮትሎቹ (የኃይል ማንሻዎቹ) ራሳቸው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳሉ፤ አብራሪው እጁን አሳርፎ ሞተሩ የሚያደርገውን በመዳፉ ይሰማል። በኤ320 ስሮትሎቹ ከመነሳት ጥቂት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጡና እስከ ማረፊያው ድረስ እዚያው ይቆያሉ፤ ኃይሉ ሲለዋወጥ እነሱ አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ አብራሪው ዓይኑን ከመለኪያው ላይ ማንሳት የለበትም። በ737 ፍጥነት በተለወጠ ቁጥር ትሪም (መሪውን ሳይገፉ ሳይስቡ አፍንጫው ባለበት እንዲቆይ የሚያደርገውን) ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ኤ320 በመደበኛ አሠራሩ ትሪሙን ራሱ ያስተካክላል። በኤርባስ አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበር ሥርዓት) ላይ ያለውን የከፍታ ወይም የአቅጣጫ ማዞሪያ መጫን ሥራውን ለኮምፒውተሩ ማስረከብ ሲሆን መሳብ ደግሞ መልሶ መረከብ ነው፤ በቦይንግ ያው ሥራ የተለያዩ ቁልፎች አሉት።

እነዚህን ልዩነቶች አንብቦ ማወቅ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ነፋሱ ከጎን ሲገፋ፣ የበረራ ተቆጣጣሪው ማኮብኮቢያ ሲቀይር፣ ፍላፑም (በዝግታ ለመብረር ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ሰሌዳ) ገና ሳይወርድ ነው። ያን ጊዜ እጅ የሚሄደው ወደ ለመደው ቦታ ነው። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን የሚያበር ሰው ሁለት የሚጋጩ ልማዶችን በአንድ እጅ ይዞ ይቀመጣል። አብዛኞቹ የአየር መንገድ አብራሪዎች በአንድ ወቅት አንድ ዓይነት ብቻ የሚያበሩት ለዚህ ነው።

የበረራ ልምድ ብቻውን አዲስን አውሮፕላን እንደማያሳውቅ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1935 ቦይንግ ሞዴል 299 በአሜሪካ ራይት ፊልድ ለሙከራ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። መሪውን የያዙት ሜጀር ፕሎየር ሂል የተካኑ የሙከራ አብራሪ ነበሩ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ እንዳያንገላታቸው የመሪ አካላቱን የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ ነበር የተነሱት። ቼክሊስት (በተራ እየታዩ የሚረጋገጡ ነገሮች ዝርዝር) በአቪዬሽን ውስጥ ሥር የሰደደው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው።

አንድን አውሮፕላን ጠንቅቆ ማወቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቁልፎቹን ቦታ በቃል መያዝን ነው። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ሌላ ነው፤ የአብራሪው ሐሳብ ነፃ ይወጣል። ቁልፍ ፍለጋው ሲቀር ነፋሱን፣ ክብደቱን፣ የቀረውን ርቀት ማሰብ ይጀመራል። የ737ን ቁልቁለት ያየ ይህን ያውቃል፦ ይህ አውሮፕላን መውረድንና ፍጥነት መቀነስን አንድ ላይ በቀላሉ አይቀበልም። ከማኮብኮቢያው 30 ኖቲካል ማይል (55 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲቀር 10,000 ጫማና 250 ኖት (በሰዓት 250 ኖቲካል ማይል) ላይ መገኘት ጥሩ መነሻ ነው፤ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ካለ ግን ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። ምን ያህል ቀደም ብሎ? ይህን የሚያስተምረው ያንኑ አውሮፕላን አንዴ ሙሉ አንዴ ባዶ አድርጎ ደጋግሞ ማውረድ ብቻ ነው። በየሳምንቱ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው እዚህ ደረጃ ላይ አይደርስም፤ ሁልጊዜ ሞተር ማስነሳት እየተማረ ይኖራል።

ይህን ስል «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት እንዳለ መቀበሌ አይደለም። አንድ ጄት ብቻ የሚያውቅ ሰው የማያያቸው ነገሮች አሉ። ትልልቆቹ ጄቶች የአፍንጫን መወዛወዝ ራሳቸው ስለሚያርሙ የጅራቱን መሪ የሚያንቀሳቅሰው የእግር መርገጫ ለምን እንደተሠራ አያሳዩም፤ ሞተር የሌለው ግላይደር ግን በመጀመሪያው መዞሪያ ላይ ያሳያል። የጅራት ጎማ ያለው ዲሲ-3 ደግሞ ካረፈ በኋላም መሬት ላይ መብረር እንዳለበት ያስተምራል። ለሁሉም የሚሠራው ሕግ የሚታወቀውም በንጽጽር ነው። በተለመደው የ3 ዲግሪ ቁልቁለት የመሬት ፍጥነትን በ5 ማባዛት በደቂቃ ስንት ጫማ መውረድ እንደሚገባ በግምት ይሰጣል፤ በ140 ኖት 700 ጫማ፣ በ90 ኖት 450 ጫማ። ጄትም ሆነ ሴስና ስሌቱ ያው ነው።

ስለዚህ የሚያከራክረው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ አንድ ይመረጥ፤ ከቆመበትና ኃይሉ ከጠፋበት ተነስቶ እስኪያርፍና ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ፣ ቪዲዮ ሳያዩ፣ በቼክሊስቱ ብቻ መሄድ እስኪቻል። ሲሙሌተሩ ብልሽት መፍጠር ከቻለም በመነሻው ላይ አንድ ሞተር አጥፍቶ መሞከር ይገባል፤ ያን ያለፈ አውሮፕላኑን አውቆታል። ከዚያ መስፋፋት በቤተሰብ ውስጥ ቢሆን አይጎዳም። ከኤ318 እስከ ኤ321 ያሉት በአንድ ታይፕ ሬቲንግ ይበራሉ፤ ቦይንግ 757 እና 767ም፣ አንዱ ጠባብ ሌላው ሰፊ ሆነው ሳለ፣ ኮክፒታቸው ተመሳስሎ ስለተሠራ የጋራ ሬቲንግ አላቸው።

ሌላው የሚጠቅመው ደንብ የ90 ቀኑ ነው። በአሜሪካ አንድ አብራሪ መንገደኛ ለመጫን ባለፉት 90 ቀናት ቢያንስ 3 ጊዜ መነሳትና 3 ጊዜ ማረፍ አለበት። ቤት ውስጥም ሦስት ወር ያልተነካን አውሮፕላን እንደ አዲስ መቁጠር ተገቢ ነው።

ከቤተሰቡ ውጪ የሚመረጠው ሁለተኛው አውሮፕላን ግን ከመጀመሪያው በጣም የራቀ ቢሆን ይሻላል። ኤ320ን ለያዘ ሰው እኔ የምመክረው 737ን አይደለም፤ ሴስና 172ን በእጅ፣ ያለ አውቶፓይለት፣ ትሪሙን በየፍጥነቱ እያስተካከሉ ነው። ይህ ከኤ320 ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ነገር ግን ብልሽት ተደራርቦ የኤ320 ኮምፒውተሮች የአብራሪውን ትእዛዝ ያለ እርማት ወደሚያስተላልፍ ቀጥታ ቁጥጥር ሲወርዱ ራሱ ትሪም ማድረጉ ይቀርና ትሪሙን በእጅ ማስተካከል ግድ ይሆናል፤ የትሪሙ መንኮራኩርም እዚያው ከስሮትሎቹ አጠገብ ነው።