ካናዳ በረዶ ብቻ አይደለችም፦ ስለ መልክዓ ምድሯ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካናዳ ስትነሳ ወሬው ሁሉ ብርድ ነው። ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ዘመድ ያለው ሰው እንኳ ሲደውል «ዛሬ ስንት ዲግሪ ገባ?» ይላል እንጂ ስለ ምድሩ አይጠይቅም። በዚህ መሃል ብዙ ግምት እንደ እውነት ተቆጥሮ ቀርቷል።

«አገሪቱ በሙሉ ዋልታ ሥር ናት።»
ሰሜናዊው ጫፍ፣ ኤልስሚር ደሴት፣ በእርግጥም ለዋልታው ቅርብ ነው። በኦንታሪዮ ደቡብ ያለው ፖይንት ፒሊ ግን በ42 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ፣ ከሮም ጋር ትክክል ላይ ይገኛል። ቶሮንቶም ከፓሪስና ከለንደን ይልቅ ወደ ደቡብ ናት። ታዲያ ብርዱ ከየት መጣ? ለንደንን ከአትላንቲክ የሚነፍሰው ለስላሳ አየር ያሞቃታል። የካናዳን መሃል ግን ከፓስፊክ የሚመጣው አየር እንዳይደርሰው የምዕራቡ ተራሮች ያግዱታል፤ ከሰሜን የሚወርደውን ውርጭ የሚጋርድ ተራራ ደግሞ የለም።

«ሰሜኑ በረዶ ሲዘንብበት ይከርማል።»
እንዲያውም ደረቅ ነው። ኤልስሚር ላይ ባለው የዩሬካ ጣቢያ በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 100 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። የዋልታ በረሃ የሚሉት ለዚህ ነው። የወረደችው ጥቂት በረዶ ለወራት ስለማትቀልጥ ብቻ ብዙ ትመስላለች።

«ከፍተኛው ተራራ ሮኪ በሚባለው የምዕራቡ ሰንሰለት ላይ ነው።»
አይደለም። 5,959 ሜትር የሚደርሰው ሎጋን ተራራ በዩኮን፣ በቅዱስ ኤልያስ የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ነው። የካናዳ ሮኪ ትልቁ ጫፍ ሮብሰን 4,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የእኛው ራስ ዳሸን በብዙ ይበልጠዋል። ሮብሰንን የሚያስፈራ ያደረገው ከሥሩ ካለው ሐይቅ 3,000 ሜትር ያህል ሽቅብ መምዘግዘጉ ነው። የናያግራ ፏፏቴም እንዲሁ በቁመት አይደለም ስም ያወጣው። ትልቁ ክንፉ 57 ሜትር ገደማ ሲሆን ኬቤክ ከተማ አጠገብ ያለው ሞንሞረንሲ 83 ሜትር ይወርዳል። የናያግራ ጉልበት የውሃው ብዛት ነው።

«ይህን ሁሉ መሬት ይዘው ለምን አያርሱትም?»
የገበሬ አገር ሰው ጥያቄ ስለሆነ እወደዋለሁ። የአገሪቱን ግማሽ የሚያህለው የካናዳ ጋሻ የሚባል ጥንታዊ አለት ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ያለው የአካስታ ድንጋይ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በበረዶው ዘመን በዚህ ምድር ላይ አንዳንድ ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወፍር የበረዶ ግግር ተኝቶበት ነበር። እየተንሸራተተም አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። በሰሜን ኦንታሪዮ መንገድ ዳር ያለውን አለት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ የተጫሩ ጭረቶችን ያገኛል፤ ግግሩ ከሥሩ ይዟቸው በሄደ ድንጋዮች የፋቀው ነው። እዚያ ያለ ጥድ ሥሩን የሚዘረጋው ወደ ጎን ነው። ነፋስ ሲጥለው ስሱን አፈር እንደ ምንጣፍ ገልብጦት ይወድቃል፣ ከሥሩም ራቁት ድንጋይ ይወጣል። ማረሻ የት ይገባል?

እህል ባያበቅልም ማዕድን ግን ሞልቶታል። በኦንታሪዮ ያለችው የሰድበሪ ኒኬልና መዳብ ከ1.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ አካል ባደረሰው ግጭት የተፈጠረ ነው። ግግሩ የቦረቦረውን ጎድጓዳ ደግሞ ውሃ ሞላው፤ ግሬት ቤር፣ ግሬት ስሌቭ፣ አታባስካና ዊኒፔግ ሐይቆች በጋሻው ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል። ካናዳ በስፋት ከሩሲያ ቀጥሎ ሁለተኛ የምትባለው ይህ ሁሉ ውሃ ተቆጥሮላት ነው። የብሱ ብቻ ከተለካ ቻይናና አሜሪካ ይቀድሟታል።

«የመሃሉ ሜዳ ዝርግ ነው።»
ዊኒፔግ ከተማ አካባቢ እውነት ነው፤ ቦታው አጋሲዝ የተባለ የደረቀ ሐይቅ ወለል ነውና። ከዊኒፔግ ወደ ካልጋሪ የሚነዳ ሰው ግን ሳይታወቀው 800 ሜትር ያህል ይወጣል። ዝርግነቱም ዋጋ ያስከፍላል። በዊኒፔግ የሚያልፈው ሬድ ሪቨር የተባለው ወንዝ የሚፈሰው ወደ ሰሜን ስለሆነ በጸደይ የደቡቡ በረዶ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ውሃው ሲደርስ ግን ሰሜኑ ገና እንደረጋ ነው። መሄጃ ሲያጣ ሜዳውን ይውጠዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ዊኒፔግ ያለችበትን የማኒቶባ ግዛት ሰፊ መሬት ያጥለቀለቀው እንዲህ ነው። ዊኒፔግን በአብዛኛው ያተረፋት በ1968 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ነበር።

«የበረዶው ዘመን አልቋል፣ ምድሩም ረግቷል።»
አልረጋም። በግግሩ ክብደት ሰርጎ የነበረው ምድር ሸክሙ ከተነሣለት ወዲህ ቀና እያለ ነው። ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በ100 ዓመት 1 ሜትር ማለት ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ይህች ታህል ከፍታ ብዙ አዲስ የብስ ታወጣለች። የድሮው ባሕር ዳር የጠጠር ክምሮችም ዛሬ ከውሃው ርቀው በየብሱ ላይ መስመር በመስመር ይታያሉ።