ድንብላል፣ ኩላንትሮና ሌሎች የጓሮ ቅጠሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በረንዳ ላይ በጀሪካን፣ ወይም መስኮት ዳር በአበባ መትከያ፣ ለወጥና ለሰላጣ የሚሆን ቅጠል ማብቀል ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው ለቲማቲም የሚሠራውን ምክር ለድንብላል፣ ለድንብላል የሚሠራውን ለጤና አዳም እያልን መቀባበላችን ነው።

«ድንብላሉ አልበቀለም፤ ዘሩ የሞተ ነው»

የተቆላ ወይም የታመሰ ከሆነ እውነት ነው፣ አይበቅልም። ከቅመም ተራ የተገዛ ጥሬ ድንብላል ግን ብዙ ካልቆየ ይበቅላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው አዘራሩ ላይ ነው። ዘር የምንላት ክብ ፍሬ በውስጧ ሁለት ዘር አጣብቃ ይዛለች። ፍሬዎቹን መክተፊያ ላይ በትናችሁ በብርጭቆ ቂጥ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አድርጓቸው። እኩል ለሁለት ሲከፈሉ ይበቃል፤ ከደቀቁ አብዝታችኋል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ አሳድራችሁ በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዝሩ። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል፤ ቅዝቃዜ ካለ እስከ 20 ቀን ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል የአፈሩ ላይኛ ክፍል መድረቅ የለበትም።

«ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ይሻላል»

ለቲማቲምና ለቃሪያ አዎ። የድንብላል ዋና ሥር ግን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ሲነቀል ይጎዳል፤ የተጎዳ ድንብላል ደግሞ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ለማበብ ይቸኩላል። የሚያድግበት ቦታ ላይ በቀጥታ ዝሩት። አናቱ የተቆረጠ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ከያዘ ይበቃዋል።

«ከሥር ጠጠር ከተደረደረ ውሃው በደንብ ይወርዳል»

ይህ ምክር ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ይመስል ሁሉም ይደግመዋል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም። አፈሩ ጠግቦ ካልሞላ በቀር ከጠጠሩ በላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ጨቅይቶ የሚቀረው ክፍል ወደ ሥሩ ይጠጋል ማለት ነው። ጠጠሩን ተዉትና ታቹን የእርሳስ ውፍረት ባላቸው 5 ወይም 6 ቀዳዳዎች ብሱት፤ አፈሩ እንዳይፈስ ቁራጭ ወንፊት ወይም ጨርቅ አንጥፉበት። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ጥሩ ድብልቅ ነው። መረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

«ድንብላሉ አገዳ ያወጣው ታሞ ወይም ውሃ ጠምቶት ነው»

ሰፋ ያለው ቅጠል ቀርቶ አዲስ የሚወጣው እንደ እንስላል ቀጥኖ ካያችሁት ተክሉ ወደ አበባ ዞሯል። ውሃ ጥም ያፋጥነዋል እንጂ ዋናዎቹ ምክንያቶች ሙቀትና የቀን መርዘም ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ ብዙ አያስቸግርም። ስቶክሆልም ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ግን በሰኔ የዘራችሁት ቅጠሉን ሳታጣጥሙት ያብባል፤ በጸደይ መጀመሪያና በበጋው ማብቂያ ዝሩ። አገዳውን መቁረጥ ተክሉን ወደ ኋላ አይመልሰውም። መፍትሔው በየ3 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ነው። ያበበውን ተዉት፤ ፍሬው ቡናማ ሲሆን ቅመምም የሚቀጥለው ዘርም ይሆናችኋል።

«ኩላንትሮ የድንብላል ሌላ ስሙ ነው»

ሽታቸው ተመሳሳይ ነው፣ ቤተሰባቸውም አንድ፤ ተክሎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ኩላንትሮ የሐሩራማ አሜሪካ ተክል ነው። ረጅምና ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ ቅጠሉ መሬት ለመሬት ተዘርግቶ ያድጋል። በውጭ አገር የቬትናምና የካሪቢያን ምግብ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ታገኙታላችሁ።

አያያዙም ይገለበጣል። ዘሩ እንደ አቧራ ደቃቅ ስለሆነና ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሱት፤ በመዳፍ ጫን አድርጋችሁ ውሃ በመርጫ ርጩ። 3 ወይም 4 ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከፊል ጥላና የማይደርቅ እርጥበት ይስማማዋል፤ ጠንካራ ፀሐይ ወደ አበባ ይገፋዋል። የአበባ አገዳውን ከሥሩ ብትቆርጡት ግን ከድንብላል በተለየ ቅጠል መስጠቱን ይቀጥላል። ሲፈላ ጣዕሙን ስለማይለቅ ወጡ እሳት ላይ እያለ ይጨመራል፤ የድንብላል ቅጠል ግን ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

«የበሶብላን አበባ ሁልጊዜ ቀንጥሱ»

ለትኩስ ቅጠል ከሆነ ልክ ነው። ለበርበሬና ለሽሮ ከሆነ ግን የምትፈልጉት አበባውንም ስለሆነ፣ አብቦ ይቆይና በጥላ ይድረቅ።

«የቡና አተላ ማዳበሪያ ነው፤ በየቀኑ ይደፋበት»

ተከምሮ ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ ውሃ አያስገባም፣ ገና የሚበቅል ዘርንም ሊያዳክም ይችላል። ኮምፖስቱ ውስጥ ጨምሩት።

«ጤና አዳም ለቡና የሚሆን ስለሆነ ምንም አይጎዳም»

ስኒ ላይ የምትጣለው አንዲት ዘለላ ሌላ ነገር ናት። በፀሐይ ሰዓት በባዶ እጅ ስትገርዙት ግን ጭማቂው የነካው ቆዳ ብርሃን ሲያገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ሊያቆስል ይችላል፤ ቁስሉም የሚታየው ወዲያው ሳይሆን በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ከተክሉ ጋር አያገናኘውም። ጓንት አድርጋችሁ ወደ ማታ ግረዙት፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት አትጠቀመው። ውሃ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ጣት ሲገባ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው የሚጠጣው፤ እንደ ኩላንትሮ ከረጠበ ሥሩ ይበሰብሳል።